የሰው ወርቅ አያደምቅ፦ የምርጫ ድረ ገጾች ለምን ይመሳሰላሉ?

ምርጫ በቀረበ ቁጥር ስልክ ያለ ዕረፍት ይጮኻል። አንዱ መልእክት «እዚህ ይጫኑ» ይላል፤ ሌላው «አብረን እናሸንፋለን» ይላል። ሲጫኑት የሚከፈተው ገጽ ግን ከዚህ በፊት የታየ ይመስላል። ከላይ ሰማያዊ ቀለም አለ። ፈገግ ያለ ተወዳዳሪ በነጭ ሸሚዝ ቆሟል። ከኋላው ባንዲራ ይታያል። ሁለት ወይም ሦስት ቃል ያለው መፈክር ይከተላል። ከሥሩ ደግሞ «ተቀላቀሉን» የሚል ትልቅ ቀይ መጫኛ አለ። ሚፍላጋው የቀኝ ይሁን የግራ፣ የሃይማኖተኞች ይሁን የሌሎች፣ ገጹ እምብዛም አይለይም።

የልጅ ልጃቸው ስልኩን ይዞ የሚያነብላቸው አንድ አባት «ይህንን እኮ አሁን አሳይተኸኛል» ቢሉ አይፈረድባቸውም። እውነት አላቸው፤ ገጾቹ ይመሳሰላሉ። ለምን እንደሚመሳሰሉ፣ መመሳሰሉ መቼ ምንም እንደማይጎዳ፣ መቼ ደግሞ ገንዘብንና የመታወቂያ ቁጥርን አደጋ ላይ እንደሚጥል ማወቅ ግን ለመራጭ ይጠቅማል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከቺካጎ እስከ ኢየሩሳሌም

በዚህ ጉዳይ በጣም የታወቀው ምሳሌ የእስራኤል ነው። በኅዳር 2008 ባራክ ኦባማ የአሜሪካን ምርጫ ካሸነፉ ብዙም ሳይቆይ፣ የሊኩድ መሪ ቢንያሚን ኔታንያሁ ለየካቲት 2009 ምርጫ የሚሆን ድረ ገጽ ይዘው ቀረቡ። ገጹን የከፈተ ሰው ሁሉ ኦባማን አስታወሰ። ሰማያዊው ቀለም፣ የፊደሉ ቅርጽ፣ ገንዘብ ለመስጠትና በፈቃደኝነት ለመሥራት የሚጫኑት ምልክቶች፣ የቪዲዮው ቦታ፣ ሁሉም ከኦባማ ገጽ ጋር ይመሳሰል ነበር። ነገሩ እስከ ኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ደረሰ። የኔታንያሁ ሰዎችም አልካዱም፤ ጥሩ ነገርን መምሰል ነውር የለውም ከሚል አመለካከት ነበር የተናገሩት።

ሰውን ያስገረመው የሁለቱ ሰዎች አቋም መራራቅ ነው። ኦባማ የዴሞክራቶች ተወዳዳሪ ነበሩ፤ ኔታንያሁ የቀኙ መሪ ናቸው። ኋላም በብዙ ጉዳይ ሳይስማሙ ኖረዋል። ልብሱ ግን አንድ ዓይነት ነበር።

መቅዳቱ ጠቀመ ወይ? ሊኩድ በ2006 ምርጫ 12 የክኔሴት መቀመጫ ብቻ ነበረው፤ በ2009 ግን 27 አገኘ። ካዲማ በአንድ መቀመጫ ቢበልጠውም፣ መንግሥት የመሠረቱት ኔታንያሁ ናቸው። ይህ የድረ ገጹ ውጤት ነው ማለት ግን አይቻልም። በዚያ ክረምት የጋዛ ጦርነት ነበር፤ የኢኮኖሚ ቀውስም ነበር። ሰው ድምፁን የሚሰጠው ብዙ ነገር አስቦ ነው።

የተቀዳው ገጽ ራሱ እንዴት ተሠራ?

የኦባማ ገጽ ያማረው በአጋጣሚ አልነበረም። ክብ ሆኖ ውስጡ ፀሐይ የምትወጣ የሚመስለውን አርማ የሠሩት በቺካጎ የነበሩት ሶል ሴንደርና ባልደረቦቻቸው ናቸው። ዘመቻው የታወቀበት የፊደል ቅርጽ ጎተም ይባላል፤ እሱን የሠራው ቶባያስ ፍሬር ጆንስ ነው። መነሻው በኒውዮርክ አሮጌ ሕንፃዎች ላይ የተጻፉት ፊደሎች ሲሆኑ፣ በ2000 መጀመሪያ የተዘጋጀው ለአንድ የወንዶች መጽሔት ነበር። ይህም ማለት «አዲስ» የተባለው መልክ ራሱ ከአሮጌ ግድግዳ የመጣ ነው።

ከውበቱ ይልቅ ትልቁ ነገር ግን ሙከራው ነበር። በ2007 መጨረሻ ላይ የዘመቻው ሠራተኞች የመጀመሪያውን ገጽ በ24 ዓይነት አዘጋጁት። አራት ዓይነት መጫኛ ነበር፤ አንዱ «ተመዝገቡ»፣ ሌላው «የበለጠ ይወቁ» ይል ነበር። ስድስት ዓይነት ምስልና ቪዲዮም ነበር። አራት በስድስት ሲባዛ ሃያ አራት ይሆናል። ወደ 310,000 የሚሆኑ ጎብኚዎች ገቡ፤ እያንዳንዳቸው ሳያውቁት ከ24ቱ አንዱን አዩ። ከዚያ የተመዘገበው ሰው ተቆጠረ።

ሠራተኞቹ ያሸንፋል ብለው የገመቱት ቪዲዮ ነበር። ቪዲዮዎቹ ግን በሙሉ በፎቶግራፎቹ ተበለጡ። ያሸነፈው የኦባማ ቤተሰብ ፎቶግራፍና «የበለጠ ይወቁ» የሚለው መጫኛ ነው። በቀድሞው ገጽ ከመቶ ጎብኚ የሚመዘገበው ስምንት ያህል ነበር፤ በአዲሱ ከ11 በላይ ሆነ። ይህ ልዩነት በዘመቻው ዘመን ሁሉ ሲታሰብ ተጨማሪ 2.8 ሚሊዮን የኢሜይል አድራሻ እንዳመጣ የሙከራው መሪ ኋላ ገምቷል።

ከዚህ አንድ ትምህርት ይገኛል። ገጹን የወሰነው የመሪው ምርጫ ወይም የሠዓሊው ጣዕም ብቻ አይደለም፤ የሰው ጣት ነው። ሰው የት እንደሚጫን ተቆጥሮ የተሠራ ገጽ ነው። በሌላ አገር ያለ ተወዳዳሪ ይህን ሁሉ ሙከራ ሳያደርግ ውጤቱን ብቻ መውሰድ ቢፈልግ አያስገርምም። ጎረቤት የተፈተነ እርሾ ካለው፣ አዲስ እርሾ ለመጣል ቀን የሚቆጥር ጥቂት ነው።

ለመመሳሰል አራት ምክንያቶች

የመጀመሪያው ይኸው ሙከራ ነው። ሁሉም ሰው የሚጫነውን ከቆጠረ፣ ሁሉም ወደ አንድ መልስ ይቀርባል።

ሁለተኛው ጊዜ ነው። ምርጫ በድንገት ሲጠራ ገጹ በቀናት ውስጥ መቆም አለበት። እስራኤል ከሚያዝያ 2019 እስከ ኅዳር 2022 ድረስ አምስት ጊዜ መርጣለች። በዚህ ፍጥነት ለየአንዳንዱ ምርጫ ከመሠረቱ አዲስ ነገር ማሰብ ከባድ ነው። ስለዚህ ፎቶግራፍና መፈክር ብቻ የሚቀየርበት፣ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ንድፍ ይወሰዳል። የቴል አቪቡ ዊክስና ሌሎች ድርጅቶች እንዲህ ያለ ንድፍ በርካሽ ያቀርባሉ። ነገሩ በገበያ ተሰፍቶ የተሰቀለ ልብስ እንደ መግዛት ነው፤ ልኩ ለሁሉም ይሆናል፤ የማንም ግን አይደለም።

ሦስተኛው የሰው ልማድ ነው። ማንኛውም ገበያ ሲገቡ እንጀራው የት እንደሚሸጥ፣ ቅመሙ የት እንደሆነ አስቀድሞ ቢታወቅ ይቀላል። ድረ ገጽም እንዲሁ ነው። ስለ ተወዳዳሪው የሚያነቡበት፣ ስብሰባ የሚያገኙበት፣ ስልክ ቁጥር የሚፈልጉበት ቦታ በሁሉም ገጽ አንድ ከሆነ ሰው አይደክምም። ይህኛው መመሳሰል ጥቅም አለው፤ በተለይ ዓይኑ ለደከመና ስልክ ላልለመደ ሰው።

አራተኛው ፍርሃት ነው። ፖለቲከኛ ከብዙ ሰው ድምፅ የሚፈልግ ስለሆነ ማንንም ማስቀየም አይወድም። በእስራኤል ሰማያዊና ነጭ የባንዲራው ቀለም ነው፤ በ2019 የተመሠረተ አንድ ስብስብ ስሙን ጭምር «ካሆል ላቫን» ብሎታል። በአሜሪካም ሰማያዊ፣ ቀይና ነጭ አይጠፉም። ሁሉም «የአገር ሰው ነኝ» ለማለት ሲሻ፣ ሁሉም አንድ ልብስ ይለብሳል።

የተዋሰው ልብስ የማይሆንበት ቦታ

የሰው ወርቅ አያደምቅ እንደሚባለው፣ ተቀድቶ የመጣ ገጽ ከአገሩ ሕግና ከአገሩ ቋንቋ ጋር የሚጋጭበት ቦታ አለው።

አንደኛው ገንዘብ ነው። በአሜሪካ ገጽ ላይ ትልቁ መጫኛ «ገንዘብ ይስጡ» የሚለው ነው፤ እዚያ ዘመቻ በአብዛኛው የሚቆመው በመዋጮ ነውና። በእስራኤል ግን ከ1973 የፓርቲዎች ገንዘብ ሕግ ወዲህ ሚፍላጋዎች ዋናውን ወጪ የሚሸፍኑት ከመንግሥት በሚያገኙት ገንዘብ ነው። ድርጅቶች ለሚፍላጋ መዋጮ መስጠት ተከልክለዋል፤ ቤተሰብ የሚሰጠውም በሕግ የተወሰነ አነስተኛ መጠን ነው። ስለዚህ በመሃል ላይ የተሰቀለ ትልቅ የመዋጮ መጫኛ እዚህ አገር ያን ያህል ትርጉም የለውም። ከመልኩ ጋር አብሮ የተቀዳ ነው።

ሁለተኛው የአጻጻፍ አቅጣጫ ነው። እንግሊዝኛ ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል፤ ዕብራይስጥ ከቀኝ ወደ ግራ ይነበባል። ስለዚህ ገጹ ሲቀዳ እንደ መስተዋት ይገለበጣል፤ አርማው ወደ ቀኝ፣ መጫኛው ወደ ግራ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ «ለኢትዮጵያውያንም ትንሽ እንጨምር» ተብሎ አማርኛ ሲለጠፍበት ሌላ ችግር ይመጣል። አማርኛ ከግራ ወደ ቀኝ ነው። በዕብራይስጥ ልክ በተሠራ ገጽ ላይ ሲገባ መስመሩ ወደ ቀኝ ይጠጋል፤ የጥያቄ ምልክቱም ከመጨረሻው ዘልሎ መጀመሪያው ላይ ይቀመጣል። ይህን ያየ አማርኛ አንባቢ ወዲያው የሚያውቀው ነገር አለ፦ ገጹ ከመውጣቱ በፊት አማርኛ የሚያነብ ሰው አላየውም። ስለ ማኅበረሰቡ ብዙ የሚናገር ሚፍላጋ አንድ አንባቢ ጠርቶ «ይህ ትክክል ነው ወይ?» ለማለት ጊዜ ካላገኘ፣ ምልክቱ ትንሽ ቢሆንም መልእክቱ ትንሽ አይደለም።

የራሱን መልክ ያመጣ ተወዳዳሪ አለ ወይ?

አለ። በ2018 በኒውዮርክ አሌክሳንድሪያ ኦካሲዮ ኮርቴዝ የምትባል ብዙም ያልታወቀች ወጣት፣ ከ1999 ጀምሮ በአሜሪካ ኮንግረስ የተቀመጡትን ጆ ክራውሊን በፓርቲው የውስጥ ምርጫ ተወዳደረች። አካባቢው የብሮንክስና የክዊንስ ሰፈር ሲሆን፣ ብዙ ስደተኛ የሚኖርበት፣ ስፓኒሽ በየመንገዱ የሚሰማበት ነው።

የዘመቻዋ ወረቀቶች የተለመደውን ሰማያዊና ቀይ ትተው ሐምራዊና ቢጫ ሆኑ። ስሟ ሰያፍ ሆኖ ወደ ላይ የሚወጣ ተደርጎ ተጻፈ። እንደ ስፓኒሽ አጻጻፍም የተገለበጠ የቃለ አጋኖ ምልክት ከፊቱ ገባበት። ጽሑፉ በሁለት ቋንቋ ነበር። ሠዓሊዎቹ ሐሳቡን ያገኙት ሴሳር ቻቬዝና ዶሎረስ ዌርታ ከመሯቸው የእርሻ ሠራተኞች ትግል ፖስተሮች እንደሆነ ተናግረዋል። እሷም አሸነፈች።

እዚህም የተገኘው መልክ ከባዶ የመጣ አይደለም፤ ከአሮጌ ፖስተር ነው። ልዩነቱ ያለው ከየት እንደተወሰደ ላይ ነው። የኔታንያሁ ገጽ መነሻ በዚያ ወር ያሸነፈው ሰው ገጽ ነበር። የኦካሲዮ ኮርቴዝ ወረቀት መነሻ ግን ድምፅ የሚሰጡት ሰዎች ራሳቸው የሚያውቁት ታሪክና የሚናገሩት ቋንቋ ነበር። አንዱ ወደ አሸናፊ አየ፤ ሌላው ወደ ሰፈሩ አየ።

ከዚያ የሆነው ደግሞ የሚያስቅ ነው። ከድሏ በኋላ በአሜሪካ ብዙ ተወዳዳሪዎች ፊደላቸውን አዘነበሉ፤ ሐምራዊና ቢጫም በየቦታው ታየ። ልዩ የነበረው በጥቂት ጊዜ የተለመደ ሆነ። በዚህ ሥራ ውስጥ የትናንቱ አዲስ የዛሬው ንድፍ መሆኑ አይቀርም።

መመሳሰሉ ወጥመድ ሲሆን

እስካሁን የተባለው ስለ ጣዕም ነው። ከዚህ የሚከተለው ግን ስለ ኪስ ነው። ሰዎች ሁሉም ገጽ አንድ ዓይነት መሆኑን ከለመዱ፣ ሌላ ሰው የሠራውን ተመሳሳይ ገጽ መለየት ያቅታቸዋል።

በ2014 መጀመሪያ በአሜሪካ የሪፐብሊካኖች የኮንግረስ ምርጫ ኮሚቴ የተቃራኒ ተወዳዳሪዎችን ገጽ የሚመስሉ ገጾች ሠርቶ ነበር። ስማቸውና ፎቶግራፋቸው በትልቁ ይታያል፤ የመዋጮ መጫኛም አለ። ጠጋ ብሎ ያነበበ ሰው ብቻ ጽሑፉ ተወዳዳሪውን እንደሚቃወም ያውቃል። በፍሎሪዳ አንድ ሐኪም አሌክስ ሲንክ ለተባሉት ተወዳዳሪ የሚሰጡ መስሏቸው ከፈሉ፤ ገንዘቡ የገባው ለተቃዋሚዎቻቸው ነበር። ኋላ ተመለሰላቸው። ያ ሰው የተማረ ሐኪም ነው። መሳሳት የእውቀት ማነስ አይደለም፤ ገጹ የተሠራው እንዲያሳስት ነው።

በ2019ም የጆ ባይደንን ዘመቻ የሚመስል ገጽ ወጥቶ ነበር። የሠራው ለዶናልድ ትራምፕ ዘመቻ ይሠራ የነበረ አማካሪ ነው። ቀልድ መሆኑ በትንሽ ጽሑፍ ከታች ተጽፏል፤ ነገር ግን በኢንተርኔት ፍለጋ ላይ ለተወሰነ ጊዜ ከእውነተኛው ገጽ በላይ ይወጣ ነበር።

በእስራኤል ደግሞ እውነተኛ ገጽ ራሱ አደጋ ሊያመጣ እንደሚችል ታይቷል። በየካቲት 2020 ሊኩድ ይጠቀምበት የነበረው ኤሌክቶር የተባለ የምርጫ መተግበሪያ በድረ ገጹ ላይ በነበረ ጉድለት ምክንያት፣ ወደ 6.5 ሚሊዮን የሚጠጉ መራጮች ስም፣ አድራሻና የመታወቂያ ቁጥር ለማንም ክፍት ሆኖ ተገኝቷል። ይህ ማለት በዚያን ጊዜ የመምረጥ መብት የነበረው ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል። ስለዚህ አንድ ሰው ስልክ ደውሎ ወይም መልእክት ልኮ የመታወቂያ ቁጥርን በትክክል ቢጠራ፣ ቁጥሩን ማወቁ ብቻ የመንግሥት ሰው መሆኑን አያረጋግጥም።

ካልፒ ውስጥ የሚለየው ምንድን ነው?

ድረ ገጾች ቢመሳሰሉም የእስራኤል ሕግ እንዲመሳሰል የማይፈቅደው አንድ ነገር አለ፤ እሱም ፔቴክ ነው። ከመጋረጃው ኋላ የሚገኙት ወረቀቶች ሁሉ ነጭ ናቸው፤ የሚለያዩት በፊደላቸው ነው። የሊኩድ ሜም፣ ሔት፣ ላሜድ ነው። የአቮዳ አሌፍ፣ ሜም፣ ታቭ ሆኖ ኖሯል። የየሽ አቲድ ፔ፣ ሄ ነው። የሻስ ሺን፣ ሳሜኽ ነው። ሁለት ዝርዝሮች አንድ ዓይነት የፊደል ስብስብ መያዝ አይችሉም። ፎቶግራፍ የለም፤ መጫኛ የለም፤ ያማረ ቀለም የለም። ዕብራይስጥ በደንብ የማያነብ ሰው እንኳ ሁለት ሦስት ፊደል ለይቶ የመረጠውን ያነሳል። ስለዚህ ከድረ ገጹ መያዝ ያለበት ዋናው ነገር ፊደሉ ነው፤ ሚፍላጋዎች ሲዋሃዱ ፊደላቸው ሊቀየር ስለሚችልም ከየምርጫው በፊት እንደገና ማየት ይገባል።

ከመጫን በፊት የሚታዩ ነገሮች

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላል ያገራችን ሰው። አንድ የምርጫ ገጽ ሲከፈት ብዙ እውቀት የማይጠይቁ ጥቂት ነገሮችን ማየት ይበቃል።

መጀመሪያ ከላይ ያለው አድራሻ ይታያል። መልክ ይቀዳል፤ አድራሻ ግን ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ሊይዘው አይችልም። የማዕከላዊ ምርጫ ኮሚቴና የመንግሥት ገጾች አድራሻ የሚያበቃው በላቲን ፊደል ጂ፣ ኦ፣ ቪ፣ ነጥብ፣ አይ፣ ኤል ነው። ከአድራሻው አጠገብ የምትታየው ትንሽ ቁልፍ የምታመለክተው መልእክቱ በመንገድ ላይ እንደማይነበብ ብቻ ነው፤ ባለቤቱ ታማኝ መሆኑን አትመሰክርም።

ሁለተኛ ማን እንዳሳተመው ይፈለጋል። በ2019 የማዕከላዊ ምርጫ ኮሚቴ ሰብሳቢ የነበሩት ዳኛ ሐናን ሜልሰር፣ በኢንተርኔት የሚወጣ የምርጫ ቅስቀሳ ያለ ስም እንዳይወጣ ወስነዋል። ስም የሌለው ቅስቀሳ ከመጀመሪያው ያጠራጥራል።

ሦስተኛ የሚጠየቀው ነገር ይመዘናል። የሚፍላጋን ፕሮግራም ለማንበብ ቴውዳት ዜሁት አያስፈልግም፤ የባንክ ካርድም አያስፈልግም። አባል መሆን የሚፈልግ ሰው እነዚህን ሊጠየቅ ይችላል፤ ያን ጊዜ ከመልእክቱ ላይ ከመጫን ይልቅ ወደ ሚፍላጋው ቢሮ በራስ ደውሎ ወይም ከሚያምኑት የቤተሰብ ሰው ጋር ሆኖ መመዝገብ ይሻላል። በስልክና በኢንተርኔት ድምፅ መስጠት ደግሞ በእስራኤል የክኔሴት ምርጫ የለም። ለክኔሴት «እዚህ ተጭነው ይምረጡ» የሚል መልእክት ከማንም ቢመጣ ሐሰት ነው።

አራተኛ መልኩን አልፎ ቃሉ ይነበባል። መፈክሩ ቢነሳ ምን ይቀራል? ስለ ሰፈሩ መኖሪያ ቤት፣ ስለ ልጆች ትምህርት፣ ስለ ፖሊስና ወጣቶች፣ በጎንደርና በአዲስ አበባ ስለሚጠብቁ ቤተሰቦች በቁጥርና በጊዜ የተጻፈ ነገር አለ ወይስ የለም? የዕብራይስጡ ገጽ የሚለውንና የአማርኛው ገጽ የሚለውን ልጆች ቢያስተያዩትም ጥሩ ነው። ለአንዱ አንድ ነገር፣ ለሌላው ሌላ ነገር የሚል ገጽ ምንም ቢያምር አይታመንም።

ልብሱና ሰውየው

በ1996 የአሜሪካው ቦብ ዶል በቴሌቪዥን ክርክር መጨረሻ ላይ የዘመቻቸውን ድረ ገጽ አድራሻ ለሕዝብ ተናገሩ፤ አንዱን ነጥብ ግን ዘለሉት። ያን ጊዜ ነገሩ ለሁሉም አዲስ ነበር። በዚያው ዓመት በእስራኤል አዲሱ መሣላ ከኢትዮጵያ ከመጡት የመጀመሪያው የክኔሴት አባል ሆኑ። ፕኒና ታማኖ ሻታ በ2013 ክኔሴት ገቡ፤ በ2020 ደግሞ ሚኒስትር ሆኑ። ከ1996 ወዲህ ድረ ገጹም አድጓል፤ ማኅበረሰቡም አድጓል። ዛሬ ድምፁን የሚፈልጉት ብዙዎች ናቸው፤ ሁሉም በአንድ ልክ የተሰፋ ልብስ ለብሰው ይመጣሉ።

ልብሱ መመሳሰሉ ብቻውን ኃጢአት አይደለም። ሠርግ ላይም ሁሉም ነጭ ይለብሳል፤ ማን የማን ዘመድ እንደሆነ ግን ተጠግቶ በማነጋገር ይታወቃል። ስልኩን የያዘውን የልጅ ልጅ «ይህ ገጽ ያምራል ወይ?» ብሎ ከመጠየቅ «የማን ነው? ምንስ ይላል?» ብሎ መጠየቅ ይበልጣል።